ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ፦ ብሔራዊ የማህፀን በር ካንሰር ልየታ ፕሮግራም እንድታደራጁ ኃላፊነት ለተጣለባችሁ፣ በጀቱን ለምታጸድቁና ዕቃውን ለምትገዙ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ፕሮግራሙ ከሕክምናው ተነስቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ እንዲታቀድ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በልየታው (ሕመም ያልተሰማቸውን ሴቶች ጠርቶ በመመርመር) ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን፤ ናሙና የምንወስድ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንመረምር፣ ቅድመ ካንሰር (ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ) የምናክም፣ መዝገብ የምንይዝ። ልመናችን አንድ ነው። ዕቅዳችሁን ከመመርመሪያው ማሽን አትጀምሩ። ከሕክምናው ጀምሩ። በዓመት ስንት ሴት ማከም ትችላላችሁ? የት? በማን እጅ? በምን መሣሪያ? ይህን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ስንት ሴት መጥራት እንዳለባችሁ ድረሱበት።

የማህፀን በር ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ገደማ ሴቶችን ያዘ፤ 350 ሺህ ገደማ ገደለ። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) ነው፤ ከካንሰሩ 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻ ናቸው። የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ ቫይረሱ ወደ ካንሰር ለመድረስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድበታል። እንዲህ ረጅም ዕድል የሚሰጥ ካንሰር ብዙ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ስትራቴጂም በ2030 ሦስት ግብ እንዲመታ ይጠይቃል፦ 90 በመቶ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው ይከተቡ፤ 70 በመቶ ሴቶች በ35 ዓመታቸው፣ ደግሞም በ45 ዓመታቸው አስተማማኝ በሆነ ምርመራ ይለዩ፤ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው ይታከሙ። ሪፖርት ላይ ሁልጊዜ ጎላ ብሎ የሚጻፈው መካከለኛው ቁጥር ነው። የሚያድነው ግን ሦስተኛው ነው።

ልየታ ብቻውን ማንንም አያድንም። «ቫይረሱ ተገኝቶብሻል» የሚል ወረቀት ይዛ ሕክምና ያላገኘች ሴት ከመመርመሯ በፊት ከነበረችበት አልተሻለችም፤ ጭንቀት ተጨመረባት እንጂ። ቅድመ ካንሰር ሳይታከም ሲቀር ምን እንደሚከተል የታወቀው በሴቶች ሕይወት ነው። በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ከፍተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶች በአግባቡ ሳይታከሙ በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የመሩት አጣሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ጉዳዩን ይፋ አወጣው። ኋላ የሴቶቹ መዝገብ ሲመረመር፣ በቂ ሕክምና ካላገኙት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉ ካንሰር ይዟቸዋል። በአግባቡ በታከሙት ላይ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በዕቅዳችሁ ላይ ከሚሰፍሩት ቁጥሮች ሁሉ አስቀድማችሁ ልታዩት የሚገባው ይህ ልዩነት ነው።

ሌላው ትምህርት ከእንግሊዝ የመጣ ነው። እዚያ የፓፕ ስሚር ምርመራ (ከማህፀን በር የተወሰዱ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ማየት) ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሰጥ ነበር፤ ግን የሚመረመረው በሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ተቋም ብቅ ያለ ሁሉ ነበር። ለወሊድ መቆጣጠሪያ የመጣች ወጣት ደጋግማ ትመረመራለች፤ በዕድሜዋ ይበልጥ ተጋላጭ የሆነችውና ወደ ክሊኒክ የማትሄደው ግን የሚጠራት የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በኮምፒውተር መዝገብ የሚሠራ ጥሪና ዳግም ጥሪ ተዘረጋ። 42 በመቶ የነበረው ሽፋን በ1994 ወደ 85 በመቶ ደረሰ፤ በካንሰሩ አዲስ የሚያዙት ቁጥርም በግልጽ መውረድ ያዘ። ምርመራው ያው የድሮው ምርመራ ነበር። የተጨመረው የስም ዝርዝር ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ስብሰባ ላይ የሚዘለለው እሱ ነውና። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆነ 1,000,000 ሴቶች አሉ እንበል። በየ5 ዓመቱ የሚመረመሩ ከሆነ በዓመት 200,000 ይጠራሉ። ከተጠሩት 70 በመቶው ቢመጡ 140,000 ናሙና ይሆናል። ቫይረሱ ከመቶ በ15ቱ ላይ ቢገኝ 21,000 ሴቶች ለግምገማ ይመጣሉ። 15ን ለስሌት ብለን የያዝነው ነው፤ የእናንተን ቁጥር በትንሽ ሙከራ አውቃችሁ ተኩበት። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢኖር፣ በቀን 560 ናሙናና 84 ለግምገማ የምትመጣ ሴት ማለት ነው።

አራት ሞጁል (እያንዳንዱ አንድ ናሙና የሚሠራ ክፍል) ያለው ማሽን አንዱን ናሙና በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ በወረቀት ላይ በ8 ሰዓት 32 ናሙና ይሠራል። ናሙና የሚዘጋጅበት ጊዜ፣ የሚደገም ውጤት፣ የመብራት መቋረጥና ሥራ ያቆመ ሞጁል ሲቀነስ ግን በቀን 16 ብላችሁ ብታስቡ አታፍሩም። እንዲያ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ 18 ሳይሆን 35 ማሽን ነው። ያ ማሽን ለሳንባ ነቀርሳም የሚያገለግል ከሆነ የሰዓት ድልድሉን ከዚያኛው ፕሮግራም ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ካልሆነ የማህፀን በር ናሙና ሁልጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ዙር 90 እና ከዚያ በላይ የሚሠሩት ትልልቅ ማሽኖች ለአንድ ናሙና የሚያስወጡት ወጪ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ዙሩ እስኪሞላ ሳምንት የሚጠብቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ካስቀመጣችኋቸው ቁጠባው በመዘግየት ይከፈላል። ናሙና በብዛት በሚገባበት ማዕከል ትልቁ፣ ራቅ ባለው ቦታ ትንሹ ቢሆን ይሻላል ባይ ነን።

ሕክምናው ላይ ስሌቱ ይከብዳል። ከ21,000ዎቹ 80 በመቶው የተለወጠውን ቦታ እዚያው በማሞቅ ወይም በማቀዝቀዝ በማጥፋት ሊታከሙ የሚችሉ ቢሆኑ 16,800 ሕክምና ነው። አገልግሎቱን በ200 ጣቢያ ብትከፍቱት ለአንዱ ጣቢያ በዓመት 84 ይደርሰዋል፤ በሳምንት ሁለት እንኳ አይሞላም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የማይሠራ እጅ ደግሞ ይረሳል፤ ሠልጣኙ ይፈራል፣ ሴቲቱን ወደ ሆስፒታል ይልካታል፣ በመንገድ ትቀራለች። ጣቢያውን ብታሳንሱት መንገዱ ይረዝማል፣ ያም ያስቀራታል። ብዙ ጊዜ የሠራው መካከለኛ መንገድ የሕክምና ቀን መወሰን ነው፦ በቂ ልምድ ያለው አንድ ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ በታወቀ ቀን ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፤ ሴቶቹም ለዚያ ቀን ይቀጠራሉ። የቀሩት 4,200 ሴቶች በኤሌክትሪክ ቀለበት ቆርጦ ለማውጣት (ሊፕ) ወይም ለተጨማሪ ምርመራ የሚላኩ ናቸው፤ በ20 ሆስፒታል ቢከፈሉ ለአንዱ በሳምንት አራት። ሊፕ ማሽኑ ብቻ አይበቃውም። ቀለበቶቹና ኳስ መሰሉ ጫፍ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ጭስ መሳቢያም፣ ከኤሌክትሪክ የሚያገል ስፔኩለምም (የማህፀን በር እንዲታይ ብልትን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ማሽኑ ተገዝቶ ቀለበቱ ሳይገዛ የሚቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የግዢ ሰነዱ ላይ በአንድ መስመር ስላልተጻፉ ብቻ።

ዕድሜን በተመለከተ ክርክር አታብዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ልየታው በ30 ዓመት ይጀመራል፤ ኤችፒቪን በዘረመል በሚለይ ምርመራ ከሆነ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ይደገማል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ሁለት ተከታታይ ነጻ ውጤት ያላት ሴት ልታቆም ትችላለች። ኤችአይቪ በደማቸው ለሚገኝ ሴቶች ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ነው፤ ለማህፀን በር ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው 6 እጥፍ ስለሆነ። ከ30 በታች ያሉትን ሁሉ የመመርመር ፍላጎት በየቦታው ይነሳል፤ ከበጎነት የመጣ ነው፣ ግን ይጎዳል። በዚያ ዕድሜ ቫይረሱ በብዛት ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። ሊጠፋ ለነበረ ነገር ሕክምና ትሰጣላችሁ፤ የ45 ዓመቷ ሴት ተራ ደግሞ ይተላለፋል።

መዝገቡን አደራ እንላለን። የጣቢያ ደብተር የተመረመሩትን ይቆጥራል፤ ያልመጡትን አያውቃቸውም። የሚያስፈልጋችሁ ከምርመራው በፊት የተዘጋጀ፣ በዕድሜ የተለየ የሴቶች ዝርዝር ነው፤ ከሕዝብ መዝገብ፣ ከምርጫ ወይም ከጤና መድን ዝርዝር፣ እነዚህ ከሌሉ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት የተቆጠረ። እያንዳንዷ ሴት ዕድሜ ልክ የማይለወጥ አንድ መለያ ቁጥር ይኑራት። ስም ብቻውን መለያ አይሆንም፤ አንዲት ሴት በሁለት አጻጻፍ ሁለት ሴት ትሆናለች፣ አንደኛዋ «ነጻ» ስትባል ሌላዋ «ያልመጣች» ተብላ ትፈለጋለች። የስልክ ቁጥሩ የማን እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ የባል ወይም የልጅ ስልክ ከሆነ ውጤት በዚያ አይነገርም። በካንሰር ምክንያት ሳይሆን በሌላ ሕመም ማህፀኗ ከነበሩ የወጣላት ሴት ከዝርዝሩ ትውጣ። ነፍሰ ጡር የሆነችው ደግሞ ከወሊድ በኋላ ቀን ተሰጥቷት ትቆይ፤ በእርግዝና ጊዜ የማሞቅም ሆነ የማቀዝቀዝ ሕክምና አይሰጥም። ጥሪው «መጥተሽ ተመርመሪ» ከሚል «ማክሰኞ በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ ቀጠሮ ተይዞልሻል» ቢል የሚመጡት ይበዛሉ። ካልመጣች አንድ ማስታወሻ ይላክ፤ ከዚያም ካልመጣች ናሙና መውሰጃው ወደ ቤቷ ይሂድ።

በራስ ናሙና መውሰድ የብዙ ፕሮግራሞችን መልክ ቀይሯል። በኔዘርላንድስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መውሰጃው በቤት ውስጥ ለመጠቀም ይሰጣል፤ በአውስትራሊያ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምርመራው የደረሰች ሴት ሁሉ በራሷ መውሰድን መምረጥ ትችላለች። ወንበር ላይ መውጣት፣ ስፔኩለም፣ ወንድ ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ከመንገዷ ይነሳሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። በራስ ለተወሰደ ናሙና የሚሆነው ፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ የመለየት ዘዴ) ላይ የተመሠረተ ምርመራ ነው፤ የቫይረሱን ዘረመል ሳያባዛ ምልክቱን ብቻ የሚያጎላው ዓይነት በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ ብዙ ያመልጠዋል። ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ ርካሹ ዕቃ ይገባና ስህተቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሌላው፣ ያ ናሙና ለፓፕ ስሚር አይሆንም፤ ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ያለ ጥርጥር መመለስ አለባት። መውሰጃው ሲሰጣት የመመለሻ ቦታው አብሮ ይነገራት።

መለያው ቱቦው አካል ላይ ይለጠፍ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ቱቦ ተከፍቶ ክዳኖቹ በጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ሁለቱ ቢቀያየሩ የሁለት ሴቶች ውጤት ተቀያየረ ማለት ነው፤ አንዷ ያለ በሽታዋ ትታከማለች፣ ሌላዋ ከነበሽታዋ ለ5 ዓመት ትሰናበታለች። ሙሉ ስምና መለያ ቁጥር፣ ሁለቱም፣ ናሙናው ሲወሰድ በሴቲቱ ፊት ይጻፉ። በማለዳ አስቀድሞ የተለጠፈ ባዶ ቱቦ የአደጋ ምንጭ ነው። ናሙና ሲላክ ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ ላቦራቶሪው ቆጥሮ ይፈርም፣ የጎደለው በዚያው ቀን ይነገር።

ግዢ ላይ ምክራችን አጭር ነው። ማሽን አትግዙ፤ ውጤት ግዙ። ውሉ ለአንድ የተጠናቀቀ ውጤት የሚከፈል ዋጋ ይያዝ፤ ውስጡም ማሽኑ፣ ጥገናው፣ መለዋወጫው፣ ሥልጠናው፣ ኃይል ማቆያውና የማይነበብ ውጤት ሲመጣ የሚተካው ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ይግቡ። ሞጁል ሲበላሽ በስንት ቀን እንደሚጠገንና ካልተጠገነ ምን እንደሚቀነስ በቁጥር ይጻፍ። ካርትሪጅና ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) በአንድ ጊዜ ለዓመት አይግባ፤ ጥሪው ከተጠበቀው ሲዘገይ መጋዘን ውስጥ ቀኑ ያልፍበታል። በየሩብ ዓመቱ፣ የቀረው የአገልግሎት ዘመን ተጽፎ ይምጣ። የሚያልቁት ትንንሽ ዕቃዎች ከማሽኑ እኩል ይታሰቡ፤ ጓንት አልቆ ስንት ቀን ልየታ እንደቆመ የሚመዘግብ ሪፖርት ግን አናይም።

የኤችፒቪ ምርመራ ገና ያልደረሰባቸው ቦታዎች በአሴቲክ አሲድ ማየትን (ቪአይኤ፦ አሲድ ሲቀባ የተለወጠው ቦታ ነጭ መሆኑን በዓይን ማየት) ይጠቀማሉ፤ ቫይረሱ ከተገኘባቸው መካከል መታከም ያለባቸውን ለመለየትም ያገለግላል። ይህ ምርመራ የሚወድቀው በጠርሙሱ ነው። የሚያስፈልገው ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ነው። ካልተቀጠነው (ግላሺያል) አሴቲክ አሲድ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከንጹህ ውሃ 95 ሚሊ ሊትር፤ ውሃው ይቅደም፣ አሲዱ በላዩ ይጨመር። በየቀኑ ይዘጋጅ፣ ማታ ይደፋ፣ ጠርሙሱ ላይ መጠኑ፣ ቀኑና ያዘጋጀው ሰው ስም ይጻፍ። ግላሺያሉ አሲድ ሳይቀጠን ከተቀባ የማህፀኑን በር ያቃጥላል፤ ስለዚህ ናሙና በሚወሰድበት ክፍል ውስጥ ከቶ አይቀመጥ። የከረመና የደከመ ከሆነ ደግሞ ነጭ የሚያደርገው ነገር የለም። አንድ ጣቢያ ወሩን ሙሉ «ሁሉም ነጻ» ብሎ ሪፖርት ካደረገ አስቀድማችሁ ሰዎቹን ሳይሆን ጠርሙሱን እዩ። ቀጥሎ ሰዓቱን፦ በጥጥ ከተቀባ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ተቆጥሮ ይጠበቃል። ወረፋ ሲበዛ ያ ደቂቃ ሃያ ሰከንድ ይሆናል፤ ነጩ ነገር ብቅ ሳይል ስፔኩለሙ ይወጣል። ጠርዙ የለየና ደመቅ ያለ ነጭ፣ ትራንስፎርሜሽን ዞን የሚባለውን ክልል (ቅድመ ካንሰር በብዛት የሚነሳበትን የማህፀን በር ክፍል) የነካ ሲሆን ውጤቱ አዎንታዊ ነው፤ ደብዘዝ ያለና ጠርዝ የሌለው አይቆጠርም። ወር አበባ ከቆመ በኋላ ይህ ክልል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ቪአይኤ ለእነዚያ ሴቶች አይታመንም።

ውጤት ስለመንገር ብዙ ሊባል ይችላል፤ ዋናውን ብቻ እንበል። ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም። በትዳር ላይ የመማገጥ ማስረጃም አይደለም፤ ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፣ መቼና ከማን እንደመጣ የሚያሳይ ምርመራ የለም። ይህ ዓረፍተ ነገር ውጤቱ ሲነገር ካልተነገረ ሴቲቱ ወረቀቱን ቀዳ ትጥለዋለች፤ በቤቷ የሚጠብቃትን ታውቃለችና። ስለዚህ ምክሩ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ይጀመር፣ ከተቻለም ውጤቱና ሕክምናው በአንድ ቀን ይሁኑ። አንድ ጉዞ በተጨመረ ቁጥር የምትቀረው ሴት ትበዛለች።

የማሞቅ ሕክምናው (ቴርማል አብሌሽን) ራሱ አጭር ነው፦ የመሣሪያው ጫፍ ቢያንስ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይያዛል፤ አንዱ ዙር ክልሉን ካልሸፈነ ሁለተኛው ጠርዙን ደርቦ ይደገማል። የማቀዝቀዙ (ክራዮቴራፒ) 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ ማቅለጥ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ጋዙ ከባድ ሲሊንደር ስለሚፈልግ ሩቅ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያቆመው እሱ ነው። በሁለቱም ከባዱ ሥራ ማሞቁ ወይም ማቀዝቀዙ ሳይሆን ለማን እንደማይሰጥ ማወቁ ነው። ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ካለ፣ ክልሉ ሙሉ በሙሉ የማይታይ ከሆነ፣ ለውጡ ወደ ማህፀን በር ቦይ ውስጥ ከገባ ወይም የመሣሪያው ጫፍ ሊሸፍነው የማይችል ከሆነ እጅ ይሰብሰብ፣ ሴቲቱ ትላክ። ካንሰርን በማሞቂያ ላዩን ማቃጠል ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ በሽታውን አያጠፋውም። ከሕክምናው በኋላ ውሃ መሰል ፈሳሽ እስከ አራት ሳምንት እንደሚወርዳት ይነገራት፤ በዚያ ጊዜ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ትቆጠብ፣ ካልተቻለ ኮንዶም ይሰጣት። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ካየች ወዴት እንደምትመጣም ትወቅ። በመሣሪያው ላይ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፦ ባትሪው በየምሽቱ ቻርጅ መደረጉን የሚፈርም ሰው ይኑር።

ሪፈራል ወረቀት ብቻ እንዳይሆን። ሴቲቱ ስትላክ ተቀባዩ ቀንና ስም ይዞ ይቀበላት፤ ደርሳ እንደሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለላኪው ይመልስ። ምላሽ ካልመጣ መፈለግ የላኪው ሥራ ነው፤ ይህ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ የማንም ሥራ አይሆንም። በሊፕ የወጣው ቲሹ ከመጠኑ ቢያንስ 10 እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ይቀመጥ፤ በጨው ውሃ ወይም በባዶ ዕቃ የመጣ ቲሹ ላይ ፓቶሎጂስቱ (ቲሹን የሚመረምረው ሐኪም) ብዙ ማለት አይችልም። ልየታው ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር የደረሱ ካንሰሮችም ይገኛሉ። ለእነዚህ ሴቶች ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረር ሕክምናውና የሞርፊን አቅርቦቱ የት እንዳለ ከጥሪው በፊት ይወሰን። የታከሙት ሁሉ ከ12 ወር በኋላ ይመርመሩ፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ደግሞ ከዚያ 12 ወር ቆይተው አንድ ጊዜ ይደገምላቸው። ለእነሱ ልየታው ከመድኃኒት መውሰጃ ቀጠሯቸው ጋር ይጣመር፤ ወደ ሌላ ቀን ከተላከ ይቀራል።

በየወሩ ጠረጴዛችሁ ላይ ሊመጡ የሚገባቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ከተጠሩት ስንት መጡ፤ ከናሙና እስከ ውጤት ስንት ቀን ፈጀ፤ ስንት ናሙና ሳይነበብ ቀረ፤ ችግር ከተገኘባቸው ስንቱ በ6 ወር ውስጥ ታከሙ፤ ከተላኩት ስንቱ ደረሱ። አማካይ ብቻ አትጠይቁ። አንዱ ጣቢያ ከመቶ አንድ፣ ጎረቤቱ ከመቶ ሃያ አምስት አዎንታዊ ካገኘ አማካዩ ደህና ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ለጣቢያዎች የምትሰጡት ግብም የተመረመሩ ሴቶች ብዛት አይሁን። በዚያ ብትለኩ የ32 ዓመቷ ሴት በየዓመቱ ትመረመርላችኋለች፤ ቁጥሩ ይሞላል፣ ሽፋኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ወስኑ። የተመረመረች ሴት ኋላ ካንሰር ሲገኝባት የድሮ ውጤቷ ይከለሳል፤ መከለስም አለበት። ክለሳው ስህተት ካሳየ ለሴቲቱ ማን፣ መቼና እንዴት ይነግራታል? በአየርላንድ እንዲህ ያለ ክለሳ ተሠርቶ፣ ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ከ200 የሚበልጡ ሴቶች መካከል ለአብዛኞቹ ሳይነገር መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታወቅ በመላው ፕሮግራም ላይ የነበረው እምነት ተናጋ። የትኛውም ምርመራ የሚያመልጠው አለ፤ ይህ በጥሪው ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው በግልጽ ይጻፍ። የክለሳው ውጤት የሴቲቱ ነው፤ እንዲነገራት ደንብ ይውጣ።

የመጀመሪያው ጥሪ ከመላኩ በፊት አንድ ሙከራ እንድታደርጉ እንጠይቃለን። ከላቦራቶሪው እጅግ የሚርቀውን ጣቢያ ምረጡ። ለሙከራ በተፈጠሩ ስሞች ሃያ ቱቦ አዘጋጁ፤ ሦስቱ አዎንታዊ መሆናቸው የሚታወቅ መቆጣጠሪያ ይኑርባቸው፤ ማንም በተለየ ዓይን እንዳያያቸው አድርጋችሁ በተለመደው መንገድ ላኩ። ሃያው ውጤት በስንት ቀን ተመለሰ? ስንቱ ቱቦ ጠፋ? ሦስቱ ሦስት ሆነው መጡ? ለሦስቱ የሕክምና ቀጠሮ ማን ያዘ? ቀጠሮው በተያዘበት ዕለት ባለሙያው፣ የተሞላ ባትሪ፣ ንጹህ ስፔኩለምና ጓንት በክፍሉ ውስጥ መኖራቸውን ሄዳችሁ እዩ። አንዱ ከጎደለ ጥሪውን አቆዩት፤ የጎደለውን አሟሉና ሙከራውን ድገሙት።

ከአክብሮት ጋር
በማህፀን በር ካንሰር ልየታ፣ ላቦራቶሪና ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች